90ዲ እና ዲ90፦ የካሜራ ስም እንዴት ይነበባል?

(ደሴ ላይ ለፎቶ ቤት ልጆች፣ ለሠርግ ካሜራማኖችና የመጀመሪያ ካሜራቸውን ሊገዙ ላሰቡ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ስጽፈው ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ መሐል ላይ የተነሱትን ጥያቄዎች ግን አልነካኋቸውም።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ጭጋግ ከቤት መውጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ ሽቅብ የመጣችሁ፣ ከሐይቅም ከወልዲያም የተገኛችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። እግራችሁ ይባረክ።

በቀጥታ ልግባ። ካሜራ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲደውልልኝ ጥያቄው ሁሌም ስም ነው። «700ዲ ይሻላል 80ዲ?» «6ዲ ያገለገለ አለ፣ በእሱ ዋጋ 4000ዲ ከነካርቶኑ አግኝቻለሁ፣ የቱን ልያዝ?» ይለኛል። እኔ ሳልመልስ ራሱ ይጨምርበታል፦ «4000 እኮ ነው፣ ከ6 አይበልጥም?»

አይበልጥም። እንዲያውም በካነን ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ዛሬ የማወራው ስለዚህ ብቻ ነው። ካሜራው ላይ የተጻፈው ቁጥር የጥራት ውጤት አይደለም። ካሜራው ከየትኛው መደብ እንደሆነና ስንተኛ ዙር እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ነው። ምልክቱን ደግሞ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መንገድ ይጽፈዋል፣ ያም አልበቃ ብሎ በየጊዜው ይቀይረዋል። አብሽሩ፣ አንዴ ከገባችሁ ግን ከባድ አይደለም።

ካነንን ላስቀድም፣ እኛ ጋ ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ። በካነን ዲኤስኤልአሮች ላይ፣ ማለትም ውስጣቸው መስታወት ባላቸውና ሌንሳቸው በሚቀያየረው ካሜራዎች ላይ፣ ቁጥሩን አትዩት፣ ስንት አሃዝ እንዳለው ቁጠሩ። ባለ አንድ አሃዞቹ፣ ማለትም 1ዲ፣ 5ዲ፣ 6ዲ እና 7ዲ፣ የላይኞቹ ናቸው። ባለ ሁለት አሃዞቹ፣ 60ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ፣ 90ዲ፣ መካከለኞቹ ናቸው። ባለ ሦስቶቹ፣ 550ዲ፣ 600ዲ፣ 650ዲ፣ 700ዲ፣ 750ዲ፣ ለጀማሪ የተሠሩ ናቸው። ባለ አራቶቹ፣ 1100ዲ፣ 1200ዲ፣ 1300ዲ፣ 2000ዲ፣ 4000ዲ፣ ከሁሉም ርካሾቹ ናቸው። ቁጥሩ በረዘመ ቁጥር ካሜራው ወደ ታች ይወርዳል።

ከዚህ የሚወጡም አሉ። 77ዲ ሁለት አሃዝ ስላለው ከ80ዲ ጎን የሚሰለፍ ይመስላል፣ ግን ከእሱ በታች ነው። ጃፓን ውስጥ ያው ካሜራ 9000ዲ ተብሎ ተሸጧል፣ እንግዲህ አስቡት። 7ዲም ከላይኞቹ ጋር ቢቆጠርም ሰንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራው ክፍል፣ ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ዓይነት አይደለም። ከ5ዲ እና ከ6ዲ ጋር እኩል አድርጎ የሚሸጥላችሁ ካለ ይህን አትርሱ።

አሁን ወደዚያ 4000ዲ እና 6ዲ ልመለስ፣ ሰው ብሩን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። 4000ዲ የወጣው በ2018 ነው። 6ዲ በ2012። በዕድሜ ካየነው 4000ዲ ልጅ ነው። ግን ውስጡ ምን አለ? 18 ሜጋፒክስል ሰንሰር አለው፣ ካነን ከዓመታት በፊት በነ550ዲ ላይ ከሰጠን ብዙም የራቀ አይደለም። ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበት ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። የኋላ ስክሪኑ ትንሽና ደብዛዛ ነው። የሰንሰሩን አቧራ ራሱ የሚያራግፍበት ሲስተም የለውም። በዓይን የሚታየውን መስኮት ለመነጽር ለባሽ የምታስተካክሉባት ትንሿ ጎማ እንኳ ተቀንሳለች! 6ዲ ደግሞ ፉል ፍሬም ነው። ሰንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፣ የ4000ዲ ግን 22.3 በ14.9 ነው። በስፋት ሲሰላ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለገና ሌሊት ላሊበላ ቤተ ማርያም ቅጥር ላይ ቆማችሁ በጧፍ ብርሃን ካህናቱን ስታነሱ፣ ወይ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ወርዳችሁ ሌሊቱን ሙሉ መንዙማ ስትቀርጹ፣ ይህ ስፋት ምን እንደሆነ ፎቶው ራሱ ይነግራችኋል።

6ዲ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ፎከስ የሚያደርግባቸው ነጥቦች 11 ብቻ ናቸው፣ በጨለማ የምታምኑት ደግሞ የመሐሉን ነው። ያገለገለ ስትገዙ ሻተሩ፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደተመታ ማጣራት አለባችሁ፤ ካነን ለ6ዲ ሻተር የሰጠው ግምት 100 ሺህ ነው፣ ለ5ዲ ማርክ 3 ደግሞ 150 ሺህ። ቢሆንም እኔን ከጠየቃችሁኝ በደንብ የተያዘ 6ዲ ከአዲስ 4000ዲ ይሻለኛል፣ እዚህ ላይ ብዙም አልከራከርም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለፍላሽ ተጠቃሚዎች። የ4000ዲን እና የ250ዲን የፍላሽ ማሰሪያ ከላይ እዩት። መሐሉ ላይ የምትገኘው ክብ ነጥብ የለችም። ርካሽ ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያስነሱት) የሚቀጣጠሉት በእሷ ነው። ነጥቧ ከሌለች ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት መብራቶቻችሁ ዝም ይላሉ። ይህን ደግሞ ስሙ አይነግራችሁም፣ እጃችሁ ላይ አዙራችሁ ማየት ነው።

ዙሩስ? ባለ ሁለትና ባለ ሦስት አሃዝ ካሜራዎች ላይ ዙሩ በቁጥሩ ይጨምራል፤ 60፣ 70፣ 80፣ 90 እያለ። ግን ቁጥሩ ጨመረ ማለት ሰንሰሩ ተቀየረ ማለት አይደለም። 550ዲ፣ 600ዲ፣ 650ዲ እና 700ዲ አራቱም 18 ሜጋፒክስል ናቸው። 600ዲ ያለው ሰው 700ዲ ልግዛ ብሎ ሲጨነቅ አያለሁ። የሚያገኘው በጣት የሚነካ ስክሪንና በቪዲዮ ጊዜ የተሻለ ፎከስ ነው፣ ፎቶው ግን ያው ፎቶ ነው። በዚያ ልዩነት 50 ሚሊሜትር ሌንስ ቢገዛበት ሙሽሮቹ ያመሰግኑታል።

ባለ አንድ አሃዞቹ ላይ ደግሞ ዙሩ የሚታወቀው «ማርክ» በምትለዋ ቃል ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ይቺ ቃል ብዙ ብር ታወጣለች። የመጀመሪያው 5ዲ በ2005 ነው የወጣው። 12.8 ሜጋፒክስል ነው፣ ቪዲዮ ጨርሶ አይቀርጽም። ማርክ 2 በ2008 መጣ፣ 21.1 ሜጋፒክስል ሆኖ፣ ቪዲዮም ይዞ። ማርክ 3 በ2012፣ ማርክ 4 በ2016። አራቱም «ፋይቭ ዲ» ናቸው። ቴሌግራም ላይ «5ዲ አለ፣ ንጹህ ነው፣ በአስቸኳይ የሚሸጥ» የሚል ካያችሁ መጀመሪያ «ስንተኛው ማርክ?» በሉት። ሠርግ በቪዲዮ ልትሠሩ ገዝታችሁ ቪዲዮ የሌለው ካሜራ ይዛችሁ ሙሽራ ቤት እንዳትገቡ። ምንም ማርክ ካልተጻፈበት የመጀመሪያው ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «የኔ ካሜራ ከነዚህ ከጠቀስካቸው ውስጥ የለም፣ ኪስ ኤክስ7አይ ነው የሚለው። አክስቴ ነች የላከችልኝ። ፎርጅድ ነው እያሉ ያሾፉብኛል» አለ። ካሜራውን ይዞት ነበር፣ ለሁሉም አሳየሁት።

ፎርጅድ አይደለም። 700ዲ ነው! ካነን አንዱን ካሜራ ለሦስት ገበያ በሦስት ስም ይሸጠዋል። አውሮፓና በእኛ በኩል 700ዲ፣ አሜሪካ ሪብል ቲ5አይ፣ ጃፓን ኪስ ኤክስ7አይ። ለወሎ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም ነበር። አንዱ የሰፈራችን ልጅ እናቱ በቤት ስሙ ትጠራዋለች፣ ትምህርት ቤት በሌላ ይጠራል፣ ቄሱ ደግሞ በክርስትና ስሙ ያቆርቡታል፣ ሰውየው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሪብል ቲ3አይ ቢያመጣላችሁ 600ዲ ደረሳችሁ ማለት ነው። ቲ2አይ ከሆነ 550ዲ፣ ቲ4አይ ከሆነ 650ዲ። 1100ዲ ደግሞ እዚያ ቲ3 ነው፣ መጨረሻው ላይ «አይ» የለውም። ልብ በሉ፣ ቲ3 እና ቲ3አይ አንድ ፊደል ነው የሚለያያቸው፣ ካሜራዎቹ ግን የተለያየ መደብ ናቸው። 2000ዲ አሜሪካ ቲ7 ነው፣ እስያ ውስጥ 1500ዲ ተብሎም ይሸጣል። 4000ዲ ደግሞ 3000ዲ ወይም ቲ100 ተብሎ ይገኛል።

ታዲያ ሻጩ አንድ ይላል፣ ካርቶኑ ሌላ ይላል፣ ማንን እንመን? የካነን ዲኤስኤልአርን ገልብጡት። ሥሩ ላይ በዲኤስ126 የሚጀምር ቁጥር ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር ካሜራው በየትኛውም አገር ስም ይሸጥ አይለወጥም። ስልካችሁ ላይ ፈልጉት፣ የካሜራው ስሞች ሁሉ ተዘርዝረው ይመጡላችኋል። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ አንድ ፎቶ አንስታችሁ ፋይሉን ወደ ስልክ ወይም ኮምፒውተር አሻግራችሁ ዝርዝሩን መክፈት ነው። ካሜራው ራሱ ስሙን እዚያ ላይ ይጽፋል። ፊቱ ላይ የተጻፈው ቢፋቅም ቢቀየርም ፋይሉ ውስጥ ያለው እውነቱን ይናገራል።

ባትሪውም መታወቂያ ነው፣ ደግሞ በጥቅሙ ከስሙ ይበልጣል ማለት ይቻላል። 550ዲ፣ 600ዲ፣ 650ዲ እና 700ዲ የሚበሉት ባትሪ አንድ ነው፣ ኤልፒ-ኢ8 ይባላል። 1100ዲ፣ 1200ዲ፣ 1300ዲ፣ 2000ዲ እና 4000ዲ ኤልፒ-ኢ10 ናቸው። ከላይ ያሉት ደግሞ፣ 5ዲ ማርክ 2፣ 6ዲ፣ 7ዲ፣ 60ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ፣ ሁሉም ኤልፒ-ኢ6 ይጋራሉ። መብራት በሚጠፋበት አገር፣ ሠርጉ ገጠር ሲሆን፣ ከጓደኛችሁ ባትሪ መዋስ መቻል ማለት ምን እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጓደኛችሁ 70ዲ ካለው እናንተ 6ዲ ብትገዙ አንዱ ቻርጀር ለሁለታችሁ ይበቃል።

ወደ ርዕሱ እንምጣ። 90ዲ እና ዲ90።

«ዲ» ከኋላ ከሆነች ካነን ናት። ከፊት ከሆነች ኒኮን ናት። 90ዲ ካነን ነው፣ በ2019 የወጣ፣ 32.5 ሜጋፒክስል። ዲ90 ኒኮን ነው፣ በ2008 የወጣ፣ 12.3 ሜጋፒክስል፤ በነገራችን ላይ ቪዲዮ የቀረጸ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር እሱ ነው፣ ታሪክ አለው። ግን መሐላቸው 11 ዓመት አለ። በስልክ «ናይንቲ ዲ ነው» ሲባል አንድ ይመስላሉ። ከዚህም የባሰ አለ። ካነን ድሮ ድሮ ፊደሏን ከፊት ያስቀድም ነበር። ስለዚህ በ2002 የወጣ የካነን ዲ60 አለ፣ በ2008 የወጣ የኒኮን ዲ60 አለ፣ በ2010 የወጣ የካነን 60ዲ አለ። የመጀመሪያው 6 ሜጋፒክስል ነው፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 18። ሦስቱም «ስልሳ» ናቸው። በስልክ ዋጋ ተስማምቶ ብር መላክ የሚወድ ሰው ካለ ይቺን ልብ ይበል።

ኒኮንም እንደ ካነን አሃዝ ሲረዝም ይወርዳል። ባለ አራት አሃዞቹ ሦስት ቤት ናቸው፤ በ3 የሚጀምሩት ለጀማሪ፣ በ5 የሚጀምሩት ትንሽ ከፍ ያሉ፣ በ7 የሚጀምሩት ለጠንከር ያለ ሥራ። ባለ ሦስት አሃዞቹ፣ ዲ610፣ ዲ750፣ ዲ850፣ ወደ ላይ ናቸው። ባለ አንድ አሃዞቹ፣ ዲ3፣ ዲ4፣ ዲ5፣ ጫፉ ላይ ናቸው። ዲ3፣ ዲ300 እና ዲ3000 የሚባሉ ሦስት ካሜራዎች አሉ፣ ዜሮ ሲጨመር ደረጃው እየቀነሰ ይሄዳል።

ኒኮን ላይ ግን ደጋግሜ የምናገረው ሌላ ነገር አለ። አዲሱ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ዲ3300 የማይክ መሰኪያ አለው። ቀጥሎ በ2016 የመጣው ዲ3400 የለውም፣ በ2018 የመጣው ዲ3500ም የለውም። ቃለ መጠይቅ ለሚቀርጽ ሰው የድሮው ይሻለዋል ማለት ነው። ዲ7200 ሁለት ሜሞሪ ይይዛል፣ እሱን የተካው ዲ7500 አንድ ብቻ ነው የሚይዘው። ሠርግ ላይ ሁለተኛ ሜሞሪ ጌጥ አይደለም። አንዷ ብትበላሽ ቀለበቱ የታሰረበት ፎቶ ሌላኛዋ ላይ አለ። ዲ7500 ፈጣን ነው፣ በጨለማም ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ሠርግ የምትሠሩ ከሆነ ዲ7200ን አትናቁት።

አንድ የድሮ ፎቶ ቤት ባለቤት፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ከፊት ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ እኔ ከፊልም ጊዜ ጀምሮ የኒኮን ሌንሶች አሉኝ። ለልጅ ልጄ ዲ3400 ልገዛለት ነው፣ ሌንሶቹ ይሆኑታል?» ብለው ጠየቁ።

ጋሼ፣ ይገጥማሉ፣ ግን ፎከሱን በእጁ ነው የሚያዞረው። በ3 እና በ5 የሚጀምሩት ባለ አራት አሃዝ ኒኮኖች ቦዲያቸው ውስጥ ፎከስ የሚያዞር ሞተር የላቸውም። እርስዎ ያሉዎት ኤኤፍ የሚሏቸው ሌንሶች ደግሞ የካሜራውን ሞተር የሚጠብቁ ናቸው። ኤኤፍ-ኤስ የሚል ከተጻፈበት ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ስላለ ችግር የለም። እነዚያን የድሮ ሌንሶች ልጁ እንዲሠራባቸው ከፈለጉ በ7 ከሚጀምሩት አንዱን ይግዙለት፣ ያገለገለ ዲ7100 ቢሆንም።

ካነን ላይም ሌንሱ ስም አለው። ኢኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበት ሌንስ፣ ለምሳሌ ከ700ዲ ጋር የሚመጣው 18-55፣ ለትንሹ ሰንሰር የተሠራ ነው። 6ዲ ወይም 5ዲ ላይ አይታሰርም። ኢኤፍ ብቻ የሚለው ሁለቱም ላይ ይሠራል። ከ700ዲ ወደ 6ዲ ለማደግ የምታስቡ፣ ሌንሶቻችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩዋቸው፣ አዲስ ሌንስ ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር ሒሳባችሁ ውስጥ ይግባ።

ሚረርለሶቹ፣ ማለትም ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው አዲሶቹ ካሜራዎች፣ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን መተውም አይቻልም፣ ገበያው ወደዚያ ሄዷልና። ካነን በ2018 «አር» የሚለውን መስመር ጀመረ። እዚህ «አር» ከፊት ነች። ቁጥሩ ሲረዝም መውረዱ ቀጥሏል፤ አር5 እና አር6 ከላይ፣ አር10፣ አር50 እና አር100 ከታች። ወጥመዱ አር7 እና አር8 ላይ ነው። በቁጥር ጎረቤት ናቸው። አር8 ፉል ፍሬም ነው፣ አር7 ግን ክሮፕ፣ ማለትም ባለ ትንሹ ሰንሰር ነው። «በቃ አር8 ይበልጣል» እንዳትሉ ደግሞ፣ አር7 ሁለት ሜሞሪ ይይዛል፣ ሰንሰሩ ራሱ መንቀጥቀጥን ይከላከላል፣ ባትሪውም ትልቁ ነው። አር8 እነዚህ ሦስቱም የሉትም። ሥራችሁ ጨለማ ውስጥ ከሆነ አር8፣ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ለምሳሌ ባቲ ሰኞ ገበያ ከሆነ አር7። ኤም50 የሚባል ሌላ የካነን ሚረርለስም አለ፣ ጥሩ ካሜራ ነበር፣ ነገር ግን የሌንስ ቤተሰቡ ተቋርጧል፣ ሌንሶቹም አር ካሜራዎች ላይ አይሠሩም። ርካሽ ካገኛችሁና ባለበት የምትጠቀሙበት ከሆነ ግዙት። ላድግበት ነው ካላችሁ ተዉት።

ሶኒ ፊደል ይወዳል። ኤ7 የሚለው መስመር ላይ ምንም ፊደል የሌለው ለሁሉ ሥራ ነው። «አር» የተጨመረበት ብዙ ሜጋፒክስል ነው። «ኤስ» የተጨመረበት ደግሞ ሜጋፒክስሉ ሆን ተብሎ የተቀነሰ፣ ለጨለማና ለቪዲዮ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ዙር ኤ7አር 36 ሜጋፒክስል ሲሆን ኤ7ኤስ 12 ነበር፣ ሆኖም ኤ7ኤስ ርካሽ አልነበረም። «12 ብቻ? የስልኬ 50 ነው» የሚል ሰው ሁሌም አለ። የስልኩ ሰንሰር የጥፍር ያህል መሆኑን እነግረውና እንስማማለን፣ አንዳንዴም አንስማማም።

ትንንሾቹ ሶኒዎች፣ 6000ዎቹ፣ ቁጥራቸው ዕድሜን አያሳይም። ኤ6500 በ2016 ወጣ፣ ኤ6400 በ2019። የድሮው ትልቁን ቁጥር ይዟል ማለት ነው። ኤ6500 መንቀጥቀጥን የሚከላከል ሰንሰር አለው፣ ኤ6400 የለውም፣ ነገር ግን ፊትና ዓይን ተከትሎ ፎከስ በማድረግ አዲሱ ይበልጣል። ስክሪኑም ወደ ፊት ስለሚገለበጥ ራሱን ለሚቀርጽ ሰው ይመቻል። ካርቶኑና ፋይሉ ላይ ደግሞ ሶኒ ሌላ ስም ይጽፋል። ኤ7 ሦስተኛው ዙር «አይኤልሲኢ-7ኤም3» ነው የሚባለው። ከኋላው «ኬ» ካለ ከ28-70 ሌንስ ጋር የተሸጠ ነው፣ ከሌለ ቦዲው ብቻ ነው። የሌንሱን ዋጋ ከፍላችሁ ቦዲ ብቻ እንዳትቀበሉ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ሶኒዎች ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ሊሆን ስለሚችልም ከመክፈላችሁ በፊት አብርታችሁ የቋንቋ ምርጫውን እዩ።

ፉጂፊልም ላይ አንዲት ነገር ብቻ፣ ስለምታስቀኝ። ኤክስ100 የሚባል ካሜራ አላቸው። ሁለተኛው ዙር ኤክስ100ኤስ ተባለ፣ «ሰከንድ» ለማለት። ሦስተኛው «ቲ»፣ አራተኛው «ኤፍ»። አምስተኛው ላይ ፊደሉን ትተው በሮማውያን ቁጥር አምስት ጻፉ፣ እሱ ደግሞ «ቪ» ሆኖ ይነበባል። ስድስተኛው በ2024 ሲመጣ የሮማውያን ስድስት። አንድ ካሜራ ላይ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር! ኤክስ-ቲ3 እና ኤክስ-ቲ30ም አሉ፤ እዚያም ዜሮ የተጨመረበት ታናሹ ነው። ኦሊምፐስም እንደዚሁ፣ ኢ-ኤም1 ከኢ-ኤም10 በላይ ነው።

«እሺ፣ ይህን ሁሉ ማን ያስታውሳል?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ሁሉም ሳቀ። ማንም አያስታውስም፣ እኔም ስልኬ ላይ ነው የማየው። ግን ምን እንደምትፈልጉ ካላወቃችሁ ስልኩም አይረዳም። ግሸን ማርያም ለመስከረም 21 ካሜራ ተሸክሞ አምባውን በእግሩ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ክብደቱን ነው። 5ዲ ማርክ 3 ከነባትሪው 950 ግራም ነው፣ 700ዲ 580 ግራም ነው፣ ሌንሱ ገና አልተቆጠረም። የፓስፖርት ጉርድ ብቻ የሚያነሳ ፎቶ ቤት ግን ምን ጨነቀው? 1200ዲም ይበቃዋል፣ የተረፈውን ብር መብራት ይግዛበት። ሥራውን አስቀድሙ፣ ስሙን ከዚያ ፈልጉለት።

የመጨረሻዋ ጠያቂ የሴቶችን ሠርግና ሐና የምትቀርጽ ልጅ ነበረች። «እህቴ ዱባይ ናት፣ ካሜራ ልትልክልኝ ነው። ስለ ካሜራ ምንም አታውቅም። አሁን 600ዲ እና 50 ሚሊሜትር ሌንስ አለኝ፣ ቪዲዮም ፎቶም እሠራለሁ፣ ብሩ ብዙ አይደለም። ምን ብዬ ልጻፍላት?» አለች።

እስቲ ልንገርሽ የኔ እህት። ካነን አር10 ይበቃሻል። በ2022 የወጣ ነው፣ 24 ሜጋፒክስል፣ ስክሪኑ ይገለበጣል፣ በጣት ይነካል። 50ውን ሌንስሽን በአዳፕተር፣ ማለትም በማገናኛ ቀለበት፣ ታስሪዋለሽ፣ ስለዚህ አዳፕተሩንም ጨምራ ትላክልሽ። 600ዲውን አትሽጪው፣ መጠባበቂያ ይሁንሽ፣ ባትሪያቸው ግን አንድ ስላልሆነ ሁለቱንም ቻርጀር መያዝ አለብሽ። ለእህትሽ ስሙን በድምፅ አትላኪላት፣ ጽፈሽ ላኪላት፣ የካርቶኑንም ፎቶ ከመክፈሏ በፊት ትላክልሽ። እንዲህ በያት፦ «አር10 ነው፣ አንድ ዜሮ ብቻ። ሻጩ አር100 ካመጣልሽ ዋጋው ቢቀንስም እንዳትቀበዪው፣ ስክሪኑ አይገለበጥም፣ በጣትም አይነካም። ከ18-45 ሌንስ ጋር ይሁን። ሌንሱ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ከፍተሽ እዪ።»